ቴማሪ፦ ክር የለበሰው የጃፓን ኳስ

ቴማሪ በጃፓን በእጅ የሚሠራ፣ ዙሪያውን ባለቀለም ክር የለበሰ ኳስ ነው። ትንሹ ከእንቁላል አይበልጥም፤ ትልቁ የሰው ራስ ያህላል። ላዩ ላይ የሚታየው አበባ፣ ኮከብ ወይም የጥልፍልፍ ንድፍ በቀለም የተሣለ ሳይሆን ክር በክር ላይ እየተደረበ በመርፌ የተሠራ ነው። ዛሬ ቴማሪ የሚታወቀው በጌጥነቱ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ በሴት ልጆች በዓል ይሰቀላል። ለብዙ ዘመን ግን የሴቶችና የልጆች መጫወቻ ነበር፤ ይወረወራል፣ ይነጥራል፣ ይቆሽሻል፣ ሲያልቅ ይጣላል። በየዘመኑ ማን እጅ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል የወሰነው የተሠራበት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሐር፣ ቀጥሎ ጥጥ፣ በመጨረሻም የክሩን ቦታ የነጠቀው ጎማ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክሩ ኳስ በፊት የቆዳ ኳስ ነበረ። ኬማሪ የሚባለው የእግር ጨዋታ ከቻይና ወደ ጃፓን የገባው በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። ኳሱ ከአጋዘን ቆዳ የተሰፋ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ቀላል ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና መሬት ሳያስነኩት በእግራቸው እያጎኑ ይቀባበሉታል፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል፣ በ644 ልዑል ናካ ኖ ኦዬ ኳስ ሲጫወት ጫማው ወልቆ እንደወደቀና ናካቶሚ ኖ ካማታሪ አንሥቶ በአክብሮት እንዳቀረበለት ይተርካል። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ተዋወቁ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቤተ መንግሥቱን እንዳሻው ያሽከረክር የነበረውን የሶጋን ቤተሰብ ከሥልጣን አወረዱ። የዚያ ቀን ጨዋታ ኬማሪ ነበር ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ እንደ ኢትዮጵያው ገና በበትር የሚመታ ጨዋታ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ኳስ በጃፓን መዛግብት ውስጥ መጀመሪያ የታየው በመኳንንት ወንዶች መካከል ነው።

በእጅ የሚጫወቱበት ኳስ ስሙ የሚነሣው በጣም ዘግይቶ ነው። የካማኩራ ወታደራዊ መንግሥት ታሪክ የተመዘገበበት አዙማ ካጋሚ በ1223 ስለተደረገ የእጅ ኳስ ጨዋታ ይጠቅሳል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ቴማሪ ቀስ በቀስ የሴቶች ጨዋታ ሆነ፤ የሚሠራውም በመሳፍንት ቤትና በቤተ መንግሥት ነበር። ያረጀ የሐር ኪሞኖ አይጣልም፤ ተቀዶ ይጠቀለላል፣ ይጨበጣል፣ ክብ እስኪይዝ በክር ይጠመጠማል። ጨርቁ ተፈትቶ የወጣው ክር ደግሞ ላዩን ለማስጌጥ ይውላል። ውድ የሆነን ጨርቅ ፈትቶ ክሩን እንደገና ለጌጥ ማዋል በጃፓን ብቻ የታየ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሸማኔዎችም ቀለም ያለው ፈትል እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየፈቱ ለሸማ ጥለት ይጠቀሙበት ነበር። ሁለቱም ጋ ምክንያቱ አንድ ነው፤ በቀለም የተነከረ ክር ብርቅ ነበር።

በቤተ መንግሥት የተሠራው ኳስ ጎተን ማሪ፣ የቤተ መንግሥት ኳስ፣ ይባላል። የወይዛዝርቱ ደንገጡሮች ማን የተሻለ ንድፍ እንደሚያወጣ ይፎካከሩበት ነበር ይባላል። ከሐርና ከጨርቅ ቁራጭ የተጨበጠ ኳስ ግን ብዙ አይነጥርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘመን ጨዋታ ኳሱን ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብ ነበር። ኳሱ ተራ ሰው ቤት ለመግባትም አልቻለም፤ የገበሬ ልብስ ከሄምፕና ከሌላ ተክል ቃጫ በሚሠራበት አገር የሐር ክር ለመጫወቻ የሚተርፈው የለም።

ይህን የለወጠው ጥጥ ነው። ጥጥ ጃፓን ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። በ799 አንድ የውጭ ሰው በትንሽ ጀልባ ሚካዋ በተባለው አውራጃ ዳርቻ ሲደርስ የጥጥ ፍሬ ይዞ ነበር፤ ፍሬው በተለያዩ አውራጃዎች ተዘርቶ ቢሞከርም ዘሩ ሳይተርፍ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ጥጥ ከኮሪያና ከቻይና የሚመጣ የቅንጦት ሸቀጥ ሆኖ ቆየ። በአገሩ መሬት ላይ በሰፊው መመረት የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የኤዶ ዘመን ግን ጥጥ የተራው ሰው ልብስ፣ የጥጥ ክርም የተራ ሴት የዕለት ሥራ ሆነ።

የጥጥ ክር ርካሽ ከመሆኑ በላይ ሌላ ጠባይ አለው። ጠበቅ ተደርጎ ሲጠመጠም በውስጡ አየር ይዞ ይቀራል፤ ሲመቱት ገባ ብሎ ይመለሳል። ከጥጥ የተሠራው ቴማሪ ነጠረ። ጨዋታውም አብሮት ተለወጠ፤ ወደ ላይ መወርወሩ ቀርቶ ልጃገረዶች በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ኋላም ቆመው፣ ኳሱን መሬት ላይ በመዳፋቸው ማንጠር ጀመሩ። የተሻለ እንዲነጥር ልቡ ውስጥ የሚገባው ነገር በየአካባቢው ይለያያል። በረዶ በሚበዛባቸው የሰሜን ተራሮች ዜንማይ የተባለ ፈርን በጸደይ ሲበቅል ቡቃያው ላይ የሚገኘውን ሱፍ የመሰለ ለስላሳ ጸጉር ይሰበስባሉ፤ ቡቃያው ይበላል፣ ጸጉሩ ለኳስ ይቀመጣል። ሩዝ አብቃዩ ገለባውን፣ አናጢ ያለበት ቤት ሰጋቱራውን ይጨምራል። ድምፅ እንዲኖረው የፈለጉ ደግሞ በሁለት ዛጎል መካከል ጠጠር ወይም የደረቀ ፍሬ አድርገው፣ ወይም ትንሽ ቃጭል ከተው፣ በመሐሉ ይቀብሩታል። በኒጋታ አውራጃ በቶቺዮ የሚሠራው ኳስ እስከ ዛሬ ሲነቀንቁት ይንሿሿል።

ጨዋታው በተለይ የአዲስ ዓመት ጨዋታ ነበር። ልጃገረዶች አዲስ ልብስ ለብሰው በየደጁ ይሰበሰቡና እየዘፈኑ ያነጥራሉ፤ ኳሷ ያመለጠቻት ትወጣለች፣ ተራው ወደሌላዋ ይሻገራል። ዘፈኑ ቁጥር መቁጠሪያ ነው፤ ዜማውም ከኳሱ አነጣጠር ጋር የሚሄድ ነው። በጣም የታወቀው የኳስ ዘፈን፣ በጥያቄና መልስ መልክ የሚሄደውና ከኩማሞቶ ጋር የሚያያዘው አንታ ጋታ ዶኮ ሳ፣ ዛሬም በሕፃናት ዘንድ ይታወቃል፤ «ሳ» የሚለው ድምፅ በመጣ ቁጥር ኳሱን በእግር ሥር ማሳለፍ የጨዋታው ሕግ ነው። እነዚህን ዘፈኖች የሰበሰቡ ሰዎች የአገር ቤት ወሬ፣ የአማች ሐሜትና የገበያ ዋጋ ሳይቀር ተዘፍኖ አግኝተዋል። ስለ ቴማሪ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት በንድፉ ውበት ተጠምደው ይህን ክፍል በአንድ አረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ያለ ዘፈኑ ግን የኤዶ ዘመን ቴማሪ ግማሹ ጎደለ ማለት ነው።

በቴማሪ ስሙ የሚነሣ ወንድ ቢኖር የዜን መነኩሴው ሪዮካን ነው። በ1758 በኤቺጎ፣ በዛሬዋ ኒጋታ፣ በባሕር ዳር በምትገኘው ኢዙሞዛኪ ተወለደ፤ የባለሥልጣን ቤት የበኩር ልጅ ሆኖ የአባቱን ወንበር ትቶ መነነ። በኩጋሚ ተራራ በአንዲት ጎጆ ለብዙ ዓመት ሲኖር እየለመነ ይበላ ነበር። በልመና ሲወጣ በቀሚሱ እጅጌ ውስጥ ኳስ ይይዛል፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ልመናው ይቀርና ሲያነጥሩ ይመሻል። ይህን ራሱ በጃፓንኛም በቻይንኛም በጻፋቸው ግጥሞች ደጋግሞ አንሥቶታል። በስተርጅናው፣ በ1827፣ ተይሺን ከተባለች ወጣት መነኩሲት ጋር ተዋወቀ፤ መጀመሪያ የተለዋወጡት ግጥም ስለ ቴማሪ ነው። እሱ በ1831 ካረፈ በኋላ እሷ የሁለቱን ግጥሞች ሰብስባ በ1835 አጠናቀቀች። የሪዮካን ታሪክ ለኳሱ ታሪክ የሚሰጠው ማስረጃ ግልጽ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የክር ኳስ ከዋና ከተማው ርቆ ባለ መንደር የለማኝ መነኩሴና የገበሬ ልጅ እጅ ገብቶ ነበር።

ከየአውራጃው የተለየ የቴማሪ ዓይነት የወጣው በዚሁ ዘመን ነው። አብዛኞቹ ከተሞች ኳሳቸውን ከአንድ ልዕልት ወይም ከአንድ ቤተ መንግሥት ጋር ያያይዙታል፤ እንዲህ ያለውን ትርክት ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። የካናዛዋ ሰዎች የቶኩጋዋ ኢዬያሱ የልጅ ልጅ ታማሂሜ በ1601 በሕፃንነቷ ለማዬዳ ቤተሰብ ስትዳር ኳሷን ይዛ መጣች ይላሉ። የጋብቻው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ኳሱ ግን ከአፈ ታሪክ ወገን ነው። ከዚያ የተረፈው ልማድ እናት ለምትዳር ልጇ ከክፉ እንድትጠበቅ ቴማሪ ሠርታ መስጠቷ ነው። በአኪታ አውራጃ የሆንጆ ኳስ በሦስት ጎኑ ረጃጅም ዘርፍ ይንጠለጠልበታል፤ በዚህም ከሌላው ሁሉ ይለያል። በናጋኖ የማትሱሞቶ ኳስ በሳሙራይ ሚስቶች የቤት ሥራነት ይታወሳል፤ ከተማዋ ዛሬ የመንገድ ላይ ጉድጓድ ክዳኖቿን ሳይቀር በቴማሪ ሥዕል አስጊጣለች።

የሳኑኪ ኳስ ግን ልዕልት አያስፈልገውም። ሳኑኪ፣ የዛሬዋ ካጋዋ፣ ዝናብ የሚያንሰው የሺኮኩ ደሴት ክፍል ሲሆን በኤዶ ዘመን ሦስቱ ነጮች በሚባሉት በጨው፣ በስኳርና በጥጥ የታወቀ ነበር። ጥጥ ባለበት ጥሩ ኳስ መሠራቱ አያስገርምም። የሳኑኪ ቴማሪ ልቡ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ የሩዝ ገለባ ነው፤ ላዩ ከዕፅዋት በተገኘ ቀለም የተነከረ የጥጥ ክር እንጂ ሐር አይነካውም። ቀለሙ ስለማያብረቀርቅ ከቤተ መንግሥቱ ዓይነት ጎን ሲቀመጥ ደብዘዝ ይላል፤ ዓይን ሲለምደው ግን የበለጠ ይስባል።

በደቡብ፣ በፉኩኦካ አውራጃ በያናጋዋ ደግሞ ቴማሪ ከሌላ ልማድ ጋር ተጣምሯል። ሴት ልጅ ተወልዳ የመጀመሪያ የአሻንጉሊት በዓሏ ሲደርስ ሳገሞን የሚባል ተንጠልጣይ ጌጥ ይሠራላታል። ከአንድ ክብ ቀለበት ሰባት ክር ይወርዳል፤ በየክሩ ሰባት ትንንሽ የጨርቅ ወፍ፣ ጥንቸል፣ ሕፃንና ኳስ ይታሰራል፤ በመሐል ሁለት ትልልቅ ቴማሪ ይጨመራል። ድምሩ 51 ነው። የሰው ዕድሜ 50 ዓመት ነው ይባል በነበረበት ጊዜ ልጅቱ አንድ ዓመት እንኳ ትጨምር ዘንድ የተመኙት ነው።

ከ1868 ጀምሮ ጃፓን በሯን ለፋብሪካ ስትከፍት ሁለት ነገር በአንድነት መጣ። የማሽን ፈትል የእጅ ፈትልን ከቤት አስወጣ፤ ጎማ ደግሞ ኳሱን ራሱን ተካ። በ1886 ቶኪዮ ውስጥ የመጀመሪያው የጎማ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ የጎማ ኳስ በየሱቁ ይሸጥ ጀመር። የጎማው ኳስ በዝናብ አይበላሽም፣ ክሩ አይፈታም፣ እስከ ልጅቱ ደረት ይነጥራል። ዘፈኖቹም ያለ ብዙ ችግር ወደ ጎማው ኳስ ተሻገሩ፤ የክሩ ኳስ ግን ሥራ ፈታ። አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው መሥራታቸውን በየገጠሩ ቢቀጥሉም የሚጫወትበት ልጅ እያነሰ ሄደ።

የዚያው የፋብሪካ ጥጥ ማዕበል ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ገበያ በርካሽ የጃፓን አቡጀዲ ተሞልቶ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው በማግሥቱ ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ ብዙ የኢትዮጵያ ምሁራን በዚያች አገር ያዩት የፈጣን ሥልጣኔ አብነት ነው። ጃፓናውያን ራሳቸው ግን በዚያው ወቅት ፋብሪካው ያጠፋውን መቁጠር ጀምረው ነበር። አሳቢው ያናጊ ሶዬትሱ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ በ1925 ሚንጌይ፣ የሕዝብ ጥበብ፣ የሚለውን ስያሜ አወጣ፤ በ1936 ቶኪዮ ውስጥ የዚሁ ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ። የእንቅስቃሴው ትኩረት በሸክላ፣ በሽመናና በእንጨት ሥራ ላይ ነበር፤ ስም የለሽ ሰው ለዕለት ኑሮ የሠራው ነገር ክብር እንዳለው ማሳመኑ ግን ለቴማሪም መንገድ ጠረገ።

ቴማሪ በእርግጥ ያንሰራራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ያነሣሣውም ቱሪዝም ነው። በባቡር የሚመጣ አገር ጎብኚ ከየከተማው አንዳች የአገር ስጦታ ይፈልጋል፤ ከተሞቹም የአያቶቻቸውን ኳስ አስታወሱ። አሮጊቶች እንደገና ተፈለጉ፣ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ሆንጆ የአገሪቱ ቴማሪ ሠሪዎች የሚወዳደሩበት መድረክ ሆነች። በካጋዋ አራኪ ካዙኦ የተባሉ ተመራማሪ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በየመንደሩ የቀሩትን ኳሶችና ሠሪዎች ፈልገው ሙያውን ከመጥፋት አዳኑ፤ አጠማጠሙንም አነካከሩንም ለሌላ ሰው በሚተላለፍ መንገድ አሰናዱ። ኳሱ አሁን መንጠር አይጠበቅበትም። ይህ ነጻነት ንድፉን እጅግ አራቀቀው፤ ልጅ ሊያነጥረው የተሠራ ኳስ ላይ ማንም ሳምንታት የሚፈጅ ጥልፍ አይጥልም ነበር።

አሠራሩ የሚጀምረው ከልቡ ነው። ገለባው በስስ ወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ በመዳፍ ይድቦለቦላል። በላዩ ወፈር ያለ ክር፣ ቀጥሎ ቀጭን የስፌት ክር ይጠመጠማል። እዚህ ላይ እጅ መቸኮል የለበትም፤ ኳሱ በየዙሩ አቅጣጫውን እየለወጠ መዞር አለበት፤ ክሩ በአንድ መንገድ ደጋግሞ ከሄደ ቦይ ይሠራና ክብነቱ ይጠፋል። መጠምጠሙ ሲያበቃ የልቡ ነገር ጨርሶ አይታይም፣ ወለሉም መርፌ ሊይዝ የሚችል ጥቅጥቅ ያለ የክር ቆዳ ይሆናል።

ከዚያ ኳሱ ይከፈላል። መሣሪያው አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ነው። ወረቀቱ በአንድ እስፒል ተይዞ ኳሱን ይዞርና ጫፉ የተገናኘበት ላይ ይቆረጣል፤ ርዝመቱ የኳሱ ዙሪያ ሆነ ማለት ነው። ለሁለት ሲታጠፍ እጥፋቱ የደቡብ ዋልታን፣ ለአራት ሲታጠፍ የምድር ወገብን ያሳያል። በየነጥቡ ባለቀለም እስፒል ይሰካል፣ በእስፒሎቹ መካከል ብዙ ጊዜ ወርቃማ ክር ይወጠራል። ስምንት ክፍል ለጀማሪ ይበቃል፤ ለክሪሳንተመም አበባ ንድፍ 16 ይመረጣል። መርፌው ኳሱን አይበሳም፤ ከላዩ የክር ቆዳ ሥር ጥቂት ሄዶ ይወጣል። ቋጠሮ የለም፤ የክሩ ጫፍ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ይገባና በሥሩ ተስቦ ይቀበራል። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጎን እየተጠጋ ሲሄድ የአበባው ቅጠል ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰፋል።

ከባዱ ሥራ ኳሱን በሁሉም ጎን እኩል መክፈል ነው። አሥር መስመሮች የሚገናኙባቸው 12 ነጥቦች፣ ስድስት የሚገናኙባቸው 20፣ አራት የሚገናኙባቸው 30 ነጥቦች ያሉት አከፋፈል የኳሱን ገጽ 120 እኩል ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል። ባለአምስት ማዕዘንና ባለስድስት ማዕዘን ቁራጮች የሚታዩበት የእግር ኳስ የሚሰፋው በዚሁ ሥርዓት ነው። 12ቱን ነጥቦች ለማግኘት ሠሪዎቹ ጂኦሜትሪ አያሰሉም፤ የዙሪያውን ወረቀት ለስድስት ያካፍላሉ፣ በላዩ የዙሪያውን አንድ መቶኛ ይጨምራሉ። ዙሪያው 30 ሳንቲሜትር ለሆነ ኳስ በሁለት አጎራባች ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 5.3 ሳንቲሜትር ይመጣል። ትክክለኛው የሂሳብ መልስ 5.29 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያንሳል፣ ከአንድ ክር ውፍረትም አይበልጥም።

እነዚህ አከፋፈሎች በስምና በቁጥር ተለይተው በመላው ጃፓን አንድ ዓይነት የሆኑት የጃፓን ቴማሪ ማኅበር በደረጃ የተከፋፈለ ትምህርትና ፈተና ካቆመ ወዲህ ነው። የማኅበሩ መሥራች ኦዛኪ ቺዮኮ ያዘጋጇቸው የንድፍ መጻሕፍት ከቤት ወደ ቤት በቃል ይተላለፍ የነበረውን ሙያ ከወረቀት አገናኙት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ወጡ። ከጃፓን ውጭ የሚሠሩት አብዛኞቹ ልቡን ከስታይሮፎም ኳስ፣ ላዩን የሚያብረቀርቅ ፐርል ኮተን ከሚባለው የጥልፍ ክር ያደርጉታል። በካጋዋ ግን የሩዝ ገለባና የዕፅዋት ቀለም እንደቀድሞው ነው፤ ጥጥ በአውራጃው መመረቱ ስለቆመ ነጩ ክር ከሌላ ቦታ ይመጣና እዚያው ይነከራል።